የቫልቭ ስፋትና የፍሰት ቁጥሩ ለየቅል ናቸው

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሆቴል የጥገና ባለሙያ ነኝ። ወደ ሙቀት መለዋወጫው የሚገባውን የ80 ዲግሪ ሙቅ ውሃ የሚቆጣጠረው ቫልቭ ስላረጀ ከቧንቧው ጋር እኩል በሆነ ባለ 2 ኢንች ቫልቭ ቀየርነው፤ ካታሎጉ ላይ ኬቪ 40 ይላል። ከዚያ ወዲህ የክፍሎቹ ውሃ አንዴ ይፋጃል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሁለት ሻጮች ምትክ አሳይተውናል፤ አንደኛው ኬቪ 16፣ ሁለተኛው ሲቪ 18.5 ነው። ከፍተኛ ፍላጎታችን በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ሲሆን በቫልቩ ላይ እንዲወርድ የታሰበው ግፊት 0.36 ባር ነው። ቁጥሩ የሚበልጠውን እንግዛ?

መልስ፦ ሁለቱ ቫልቮች በሚያሳልፉት ውሃ እኩል ናቸው። ኬቪ የሚባለው፣ በቫልቩ መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 1 ባር ሲሆን በሰዓት የሚያልፈው ውሃ በሜትር ኩብ ሲለካ ነው፤ ሲቪ ደግሞ ይህንኑ በ1 ፒኤስአይ (የአሜሪካ የግፊት መለኪያ) ልዩነት በደቂቃ በሚያልፍ የአሜሪካ ጋሎን ይገልጸዋል። ኬቪን በ1.156 ሲያባዙት ሲቪን ስለሚያገኙ፣ 16 ወደ 18.5 ይመጣል።

የችግሩ ምንጭ ቫልቩ በቧንቧው ልክ መመረጡ ነው። የፍሰት ቁጥሩን የሚወስነው የአፉ ስፋት ብቻ አይደለም፤ ቦል ቫልቭ ሲከፈት መንገዱ ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ውሃው ተጠማዝዞ ከሚያልፍበት ተመሳሳይ ስፋት ካለው ግሎብ ቫልቭ ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ለውሃ የሚያስፈልገውን ኬቪ ለማግኘት ፍሰቱን ለግፊት ልዩነቱ ስኩዌር ሩት ያካፍሉ። የ0.36 ስኩዌር ሩት 0.6 ነው፤ 9 ለ0.6 ሲካፈል 15 ይሆናል። ስለዚህ 16 ይበቃዎታል፤ ከቧንቧው ካነሰም በሪዱሰር (ሰፊውን ከጠባቡ በሚያገናኝ መጋጠሚያ) ይገጠማል። አሁን ያለው ባለ 40 በዚያው ግፊት በሰዓት 24 ሜትር ኩብ ያሳልፋል። ፍላጎቱ ወደ 3 ሜትር ኩብ በሚወርድበት ሰዓት የሚፈለገው ኬቪ 5 ብቻ ስለሆነ፣ ያውም ግፊቱ ሳይጨምር፣ ዘንጉ ከመቀመጫው ጥቂት እንኳ ፈቀቅ ሲል ፍሰቱ ከሚገባው ያልፋል፤ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር መልሶ ይዘጋዋል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይከፍተዋል። መሣሪያው ተበላሸ ብላችሁ ቴርሞስታቱን እንዳትቀይሩ አደራ እላለሁ።

ይህ ስሌት ለእንፋሎትና ለጋዝ አይሠራም፤ ለነሱ ሌላ ቀመር አለ።

አንድ የአዲስ አበባ ጉዳይ ግን መነሳት አለበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 0.77 ባር ነው፤ በባሕር ዳርቻ 1.01 ባር ነው። የ80 ዲግሪ ውሃ ግፊቱ ወደ 0.47 ባር ሲወርድ መፍላት ይጀምራል። በቫልቩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ውሃው ሲፈጥን ግፊቱ ከመውጫው ግፊትም በታች ስለሚወርድ፣ እዚህ ያለን መተራረፊያ ከዳርቻው ያነሰ ነው። ውሃው በጉሮሮው ውስጥ ሲፈላ የሚፈጠሩት አረፋዎች ሲፈነዱ ቆሎ ሲታመስ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ይወጣል፤ ከጊዜ በኋላም የቫልቩ መቀመጫ ተቦርቡሮ ይገኛል። መስመራችሁ ክፍት ታንከር ያለው ከሆነ ይህ የአየር ግፊት ውሃው ላይ ስለሚያርፍ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ከቫልቩ በኋላ ያለውን ግፊት በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ለኩ።