ስለ ፌራሪ 375 ፕላስ፣ ሻሲ 0384፦ ያላችሁን ጠይቁ

ሻሲ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ 0384 ጠይቁኝ። በ1954 ከተሠሩት አምስት 375 ፕላሶች አንዷ ናት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፦ ሊብሬውን ሳታጣሩ ላሜራውን አታድንቁ።

የጎማ ልጅ፦ ጋሼ፣ ምን የተለየ ነገር አላት?

ሻሲ፦ ሞተሯ ቪ12 (አሥራ ሁለት ሲሊንደር)፣ 4.9 ሊትር፣ ወደ 330 የፈረስ ጉልበት። ቦዲው የጣሊያኑ ቦዲ ሠሪ የፒኒን ፋሪና ነው። በ1954 የፈረንሳዩን የ24 ሰዓት ውድድር፣ ሌ ማንን፣ ያሸነፈው ይኸው ሞዴል ነው። 0384 ራሷ ግን ሌ ማን ላይ ሾፌሮቹ ማሊዮሊና ፓኦሎ ማርዞቶ ይዘዋት ሳትጨርስ ወጥታለች። እንግሊዝ አገር ሲልቨርስቶን ላይ ግን ሾፌሩ ጎንዛሌዝ አሸንፎባታል።

የጎማ ልጅ፦ ስንት ትሮጣለች?

ሻሲ፦ ይህን ራስህ ፈልገህ አንብብ።

ሰላም ከዲሲ፦ ተሰርቃ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ሆኖ ነው?

ሻሲ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ፋብሪካው ከተወዳደረባት በኋላ አሜሪካዊው ጂም ኪምበርሊ ገዛት፣ የክሊኔክስ ሶፍት ባለሀብቶች ልጅ። ከእሱ በኋላ ወደ አሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ሄደች፣ በ1958 አንድ የኦሃዮ ሰው በ2,500 ዶላር ገዛትና ግቢው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆመች። በ1980ዎቹ ከዚያው ግቢ ተሰረቀች። ባሕር ተሻግራ ቤልጂየም ገባች፣ በ1990 ዣክ ስዋተርስ ገዛት። ስዋተርስ ተራ ነጋዴ አይደለም። የፌራሪ የቤልጂየም ወኪል የነበረ፣ ኤኩሪ ፍራንኮርሻም የሚባለውን የውድድር ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ነው። መኪናዋን አሳደሳት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሌቦቹ ሁሉንም አልወሰዱም። የተወሰኑ ኦሪጅናል ዕቃዎቿ ኦሃዮ ቀሩ። አንዷ መኪና ሁለት አህጉር ላይ ሆነች፣ ሁለት ወገንም «የኔ ናት» አለ። በ1999 ተደረገ የተባለ የ625,000 ዶላር ስምምነት ነበር፣ የኦሃዮው ወገን አልተቀበለውም። ሁለቱም ሰዎች ክርክሩ ሳያልቅ ሞቱ፣ ጣጣው ለልጆቻቸው ተረፈ። ወራሾቹ እንሽጥና እንካፈል ብለው ተስማሙ። ሰኔ 2014 እንግሊዝ አገር ጉድውድ ላይ ቦናምስ በጨረታ ሸጣት፣ ኦሃዮ የቀሩት ዕቃዎችም አብረው ተሸጡ። ከ10.7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣች። በዚህ አበቃ? አላበቃም! ከሽያጩ በኋላ ለንደን ፍርድ ቤት ሄዱ፣ የተቋጨውም በ2016 ነው። ለዚህ ነው ሊብሬ፣ ሊብሬ የምላችሁ።

ካምቢዮ፦ ስዋተርስ ገንዘብ ከፍሎ ገዝቷል። በቅን ልቦና የገዛ ሰው ለምን ይቀጣል?

ሰላም ከዲሲ፦ የተሰረቀ የተሰረቀ ነው ወንድሜ። እዚህ አሜሪካ ሌባ የሸጠው ንብረት የገዢው አይሆንም፣ አለቀ።

ካምቢዮ፦ ቤልጂየም እንደዚያ አይደለም። የተሰረቀ ዕቃን በቅን ልቦና የያዘ ሰው የተወሰኑ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሕጉ ይጠብቀዋል።

ሰላም ከዲሲ፦ የደከመው ሰው ንብረቱን ይጣ?

ሻሲ፦ ሁለታችሁም የየአገሩን ሕግ ነው የምትናገሩት። ጉዳዩን ያን ያህል ዓመት ያስቆየው አንዱም ይኸው ነው። እንለፍ።

ላሜራ፦ እኔ ግን ዱሮውንም መታደስ አልነበረባትም ባይ ነኝ። በ1961 የተሠራችውን ፌራሪ ካሊፎርኒያ ስፓይደር አስታውሱ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ጋዜጣና መጽሔት ተከምሮባት የተገኘችውን። በ2015 ፓሪስ ላይ ከነአቧራዋ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠች።

ካምቢዮ፦ አቧራ ይሸጣል ልትል ነው? መኪና የሚሠራው ሊነዳ ነው!

ላሜራ፦ አንዴ የተፋቀ ቀለም አይመለስም ነው የምለው።

ሻሲ፦ ያቺ ጣሪያ ሥር የቆመች ሙሉ መኪና ናት። 0384 ደግሞ አካሏ የተበታተነ ነው። አታወዳድሯቸው።

አዲስ ገቢ፦ ጥሩ ክላሲክ መኪና እንዴት ይታወቃል?

ሻሲ፦ ጥያቄው ግልጽ አይደለም። የትኛው መኪና? ለምን ጉዳይ?

አዲስ ገቢ፦ ለመግዛት፣ በአጠቃላይ።

ሻሲ፦ በአጠቃላይ የሚባል መኪና የለም። ከላይ ያለውን አንብብ።

ሚሚ፦ የሻሲ ቁጥር ተነካክቶ እንደሆነ በዓይን ይታወቃል?

ሻሲ፦ በደንብ ይታወቃል እህቴ! መጀመሪያ ቁጥሩ የተመታበትን ብረት በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። በሞረድ የተፋቀ ከሆነ ከአካባቢው ጎድጎድ ይላል፣ ባትሪ በጎን ስታበሪበት ጭረቱ ይታያል። ቀጥሎ አኃዞቹን ተመልከቺ። ሁለት 4 ካለ፣ ሁለቱም በአንድ ማተሚያ የተመቱ መምሰል አለባቸው። ዙሪያው ላይ የብየዳ ምልክት ካየሽ ቁራጭ ብረት ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። ያኔ የነበረው የፌራሪ ልማድም ይረዳል፣ ጥንድ ቁጥር በአብዛኛው የውድድር፣ ጎዶሎው የመንገድ መኪና ነው። 0384 ጥንድ ናት። ሆኖም 250 ጂቲኦ የሚባሉት ፌራሪዎች የውድድር ሆነው ጎዶሎ ናቸው፣ ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ አትፍረጂ። ፋብሪካው ያስቀረው መዝገብ፣ የውድድር ፎቶ፣ የሽያጭ ውል፣ የጉምሩክ ወረቀት አንድ በአንድ መያያዝ አለባቸው። መሀል ላይ አምስት ዓመት ከጠፋ፣ የጠፋው ሳይገኝ ብር አታውጪ።

የጎማ ልጅ፦ አሁን ብትሸጥ ስንት ታወጣለች?

ሻሲ፦ ስለ ዋጋ መልሻለሁ።

ሀና፦ ጋሽዬ፣ የአያቴ ፊያት 600 ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ላሜራ ቤት ልውሰዳት?

ሻሲ፦ ገና አትውሰጃት። መጀመሪያ ሊብሬዋን ፈልጊ፣ በማን ስም እንደሆነም እዪ፤ በአያትሽ ስም ከሆነ የውርስ ወረቀቱን ጨርሱ። ከዚያ ሳትነኪያት በሁሉም በኩል ፎቶ አንሺ። የሚፈታውን ብሎን ሁሉ ስም ጽፈሽ በከረጢት አስቀምጪ፣ የተበላሸውንም ቢሆን እንዳይጥሉት። ዝገቱ ሳይቆረጥ ስቱኮ እንዲለጥፉበት አትፍቀጂ። የቁጥሩን ፎቶ ላኪልኝ፣ እሱን አብረን እናያለን።