የሚፈልገው እኔ ከሆንኩ የማይነሳው ማነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ሐሳብ ክብደት ከሌለው እጅን እንዴት ያነሳል?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ ሌላ ሰው አስታወሰኝ።

ፍልስፍና ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ከክፍል ስወጣ አንድ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀኝ። የሸሚዙን የእጅጌ ቁልፍ እያዞረ «መምህር፣ ጠዋት መነሳት እፈልጋለሁ። ሰውነቴ ግን እሺ አይለኝም። የሚፈልገው እኔ ከሆንኩ የማይነሳው ማነው?» አለኝ።

ደስ አለኝ። ተማሪ ገባው አልኩ። እዚያው ቆሜ ስለ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት አወራሁለት። ነፍስ ታስባለች እንጂ ቦታ አትይዝም፤ ሥጋ ቦታ ይይዛል እንጂ አያስብም። የሚገናኙት በአንጎል መሃል ባለች ትንሽ ዕጢ ነው ማለቱንም ጨመርኩለት። ልጁ ዝም ብሎ ይሰማኛል። ክሩ ተበጠሰና ቁልፏ እጁ ላይ ቀረች። አየሁ። ወሬዬን ግን አላቆምኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም።

የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 እ.ኤ.አ. ዴካርትን ይህንኑ ጠይቃው ነበር። የማይዳሰስ ነገር ሥጋን እንዴት ይገፋል? መልሱ አላረካትም። ይህን ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተጻጻፉትን ያነበብኩት ግን ዘግይቼ ነው። ልዕልቲቱ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ይዟት ነበር። ዴካርት የዚህ ዓይነቱ ትኩሳት ዋና መንስኤ ሐዘን ነው ብሎ ጻፈላት። ነፍስንና ሥጋን የለያየው ሰውዬ ስለ ሐዘኗ ጻፈላት! እኔ ልጁን «ምን ሆነህ ነው?» እንኳን አላልኩትም።

አንብቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ግን የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ መፈለጉን ከማወቁ በፊት አንጎሉ መዘጋጀት እንደሚጀምር ያሳየውን፣ የአንጎል ተመራማሪው ሊቤት በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሙከራ በአጭር ቪዲዮ ታዩና «አንጎል ቀድሞ ይወስናል፣ ፈቃድ የሚባል የለም» ትላላችሁ። ሊቤት ራሱ እኮ ሰው የጀመረውን እንቅስቃሴ መሰረዝ ይችላል ብሏል። ለነገሩ እኔም ነፍስ ለብቻዋ ሆና ሥጋን ትነዳለች ብዬ አላምንም። ያን ልጅ ሳስብ ደረቴን ሲከብደኝ ግን፣ የከበደኝ ሐሳቡ ነው ወይስ ደረቴ፣ መለየት ያቅተኛል።

አንቺ የጻፍሽልኝ ልጅ፣ ስለ እጅ የጠየቅሽኝን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ንገሪኝ፤ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ጠዋትስ ትነሻለሽ?