ጥያቄና መልስ፦ በዲጂታል የሚታዘዝ የሞዴል ባቡር በቤት ውስጥ

ጥያቄ፦ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ ትዳር ይዘው ስለወጡ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩትን የሞዴል ባቡር ልሠራበት አስቤአለሁ። በዲጂታል የሚታዘዘው ይሻላል ብለውኛል። እኔ ግን የኮምፒውተር ዕውቀት የለኝም፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ይሆንልኛል ወይ? የትኛውንስ መጠን ልምረጥ?

መልስ፦ ይሆንልዎታል፤ ኮምፒውተርም አያስፈልግዎትም። በቀድሞው አሠራር የባቡሩ ፍጥነት የሚወሰነው ወደ ሐዲዱ በሚላከው ቮልት ስለነበረ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሎኮሞቲቮች ሁሉ አብረው ይሄዱ፣ አብረውም ይቆሙ ነበር። አንዱን ለይቶ ለማቆም ሐዲዱን በክፍል በክፍል ለያይቶ ለእያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ግድ ይል ነበር። በዲጂታሉ ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ። መቆጣጠሪያው የዚህን ኃይል አቅጣጫ በከፍተኛ ፍጥነት እያገላበጠ መልእክት ይልክበታል፤ ግማሽ ዙሩ 58 ማይክሮሰከንድ ከሆነ «አንድ»፣ 100 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ዜሮ» ማለት ነው። ሎኮሞቲቩ ውስጥ የተቀመጠው ዲኮደር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ መልእክቱን ያነባል፤ የራሱ ቁጥር ሲጠራ ሞተሩንና መብራቱን ያዛል፣ የሌላ ቁጥር ሲጠራ ዝም ብሎ የቀድሞ ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ሁሉ የሚያከናውነው መቆጣጠሪያው ራሱ ነው፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ቁጥር መርጦ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው።

የዚህ አሠራር መነሻ የጀርመኑ የሌንዝ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) መደበኛ ደረጃ አድርጎ ስላጸደቀው፣ የአንዱ ፋብሪካ ዲኮደር የሌላውን መቆጣጠሪያ ትእዛዝ ይቀበላል። ማርክሊን ግን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በሚያልፍ ሦስተኛ መሥመር የሚሠራ የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚከተሉ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይወስኑ።

ስለ መጠኑ የእኔ ምክር 1፡87 ነው። ሃያ ሜትር የሚረዝም ሎኮሞቲቭ በዚህ መጠን 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ1፡160 ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ትንሹ መጠን በእርስዎ ክፍል ውስጥ ረጅም ባቡሮችን ያስኬዳል፤ ነገር ግን ሐዲዱ ላይ ጎማ ማስቀመጥና የዲኮደሩን ሽቦ መበየድ ለደከመ ዓይንና ለሚንቀጠቀጥ ጣት ፈተና ነው። በ1፡87 መጠን 45 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች ደግሞ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ነው የሚያምርባቸው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ክፍሉ መሐል ከማቆም ይልቅ ግድግዳውን አስጠግተው በክፍሉ ዙሪያ ይሥሩት። ባቡር በባቡር ላይ የሚያልፍበትን ድልድይ ለጊዜው ቢተዉት እመርጣለሁ፤ ላይኛውን ሐዲድ ስምንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ በመቶ ሦስት አቀበት እንኳ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ መወጣጫ ይወስድብዎታል፣ መውረጃውም ያንኑ ያህል ነው።

ከሁሉ በላይ ሊያስቡበት የሚገባው ግን ማንም የማያየው የጠረጴዛው ሥር ነው። የሽቦው ሥራ ሁሉ ያለው እዚያ ስለሆነ፣ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ራስን ቀና አድርጎ፣ የጋለ መበየጃ ከፊት በላይ ይዞ መሥራት በየትኛውም ዕድሜ አይመከርም፤ የቀለጠው ሊድ የሚንጠባጠበው ወደ ታች ነውና። ጠረጴዛውን ከኮምፔንሳቶና ከቀጭን ጣውላ በየክፍሉ ይሥሩት። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው አንሥቶ በጎኑ ሊያቆመው የሚችል ይሁን፣ ወርዱም እጅዎ ያለ ጭንቅ ከሚደርስበት ከ70 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። እንዲህ ሲሆን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ በመስኮት ብርሃን መበየድ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሐዲዴን ዘርግቼ ጨርሻለሁ። ባቡሩ ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ደኅና ይሄዳል፤ ወደ ሩቁ ጫፍ ሲደርስ ግን ይንገዳገዳል፣ ትንሿ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ሐዲድ መቀየሪያው ላይ ቆማ ትቀራለች። ሻጩ ኃይለኛ መቆጣጠሪያ ግዛ አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። እርስዎ የገለጹት የኃይል ማነስ ሳይሆን የኃይል አለመድረስ ነው። የሐዲድ ማያያዣ ቆርቆሮዎች ሐዲዱን ለማጋጠም እንጂ ኤሌክትሪክ ለብዙ ሜትር ለማሻገር አይታመኑም፤ እየላሉና እየዛጉ በሄዱ ቁጥር በየመገጣጠሚያው ጥቂት ጥቂት ቮልት ይጠፋል። መድኃኒቱ 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ገመዶች፣ ቀይና ጥቁር፣ በጠረጴዛው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቶ፣ ከእነርሱ ላይ ወደ እያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ አጭር ቀጭን ሽቦ ማውጣት ነው። ቀዩ ሁልጊዜ ለአንዱ ሐዲድ፣ ጥቁሩ ሁልጊዜ ለሌላው ይሁን።

ሥራው በትክክል መሠራቱን የሚፈትሹት በሳንቲም ነው። ኃይሉ እንደበራ ሳንቲሙን በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድመው ያስቀምጡት፤ መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይሉን ካቋረጠ ያ ቦታ ደኅና ነው፤ ካላቋረጠ ሳንቲሙን ቶሎ ያንሡትና እዚያ ቦታ ሽቦ ይጨምሩ። ይህን ፍተሻ አይናቁት። አምስት አምፔር የሚሰጥ መቆጣጠሪያ ሾርት መፈጠሩን ሳያውቅ ከቀረ፣ ኃይሉ ከሐዲድ በወጣ ጎማ በኩል እየፈሰሰ የፕላስቲክ ድጋፎቹን እስኪያቀልጥ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። መላውን ሐዲድ በየአንድ ሜትሩ ይፈትሹ።

ትንሿ ሎኮሞቲቭ የምትቆመው ሐዲድ መቀየሪያው መሐል፣ ሁለቱ ሐዲዶች የሚገናኙበት ሹል ቦታ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። ጎማዎቿ የተቀራረቡ ስለሆኑ ያ ፕላስቲክ ላይ ስትደርስ ኃይል የሚያገኝ በቂ ጎማ አይኖራትም። ሹሉ ብረት የሆነና በማብሪያ በኩል ኃይል የሚያገኝ መቀየሪያ ይተኩበት፤ ይህ ካልሆነ ዲኮደሩ ላይ ለቅጽበት ኃይል የሚያቆይ ካፓሲተር ያስገጥሙ። ከዚያ በፊት ግን ሐዲዱንና ጎማዎቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ጨርቅ ያጽዱ። ብርጭቆ ወረቀት አይንኩበት፣ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይይዛልና። የብረት ሱፍ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው፤ ብናኙን የሞተሩ ማግኔት ይስበዋል።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ዞሮ በመጣበት መንገድ እንዲመለስ የሐዲድ ቀለበት ሠራሁ። ቀለበቱ ሲዘጋ መቆጣጠሪያው ኃይሉን ያቋርጣል። ምንድን ነው ጥፋቱ?

መልስ፦ ቀኝ የነበረው ሐዲድ ዞሮ ሲመጣ ከግራው ጋር ስለሚገናኝ ሾርት ይሆናል፤ ዲጂታልም ቢሆን ከዚህ አያድንም። በቀለበቱ መግቢያም መውጫም ሁለቱንም ሐዲዶች ይቁረጡና፣ የተለየውን ክፍል ኃይል በራሱ በሚያገላብጥ መሣሪያ በኩል ይስጡት። ክፍሉ ከረጅሙ ባቡርዎ ይርዘም፤ ያለዚያ የብረት ጎማዎች ሁለቱን ክፍተቶች በአንድ ጊዜ ያገናኟቸዋል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳቸው አሮጌ ሎኮሞቲቮች አሉኝ። ዲኮደር ይገጠምላቸዋል?

መልስ፦ አብዛኞቹ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን በብዙ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ከሞተሩ የካርቦን ብሩሾች አንዱ ከብረቱ አካል ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ሁኔታ ዲኮደር ቢገጠም ገና ኃይል ሲያገኝ ይቃጠላል። ስለዚህ ብሩሹ ከአካሉ ሙሉ በሙሉ መነጠሉን በቴስተር ያረጋግጡ። ሞተሩን በእጅ ይዘው ሳይዞር ሲያቆሙት የሚስበውንም አምፔር ይለኩ፤ ዲኮደሩ ከዚያ የሚበልጥ የሚሸከም መሆን አለበት።

አዲስ ዲኮደር ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 3 ነው። ቁጥር የሚቀይሩት ለዚሁ ተብሎ በተለየ አጭር ሐዲድ ላይ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ አስቀምጠው ይሁን፤ ይኸው ትእዛዝ በዋናው ሐዲድ ላይ ከተላለፈ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ቁጥሩ ከጠፋብዎ በብዙ ዲኮደሮች ሲቪ 8 በሚባለው የዲኮደሩ ማስተካከያ ላይ 8 መጻፍ ወደ 3 ይመልሰዋል።