በፈረንሳይኛ አፍ ፈትቶ እንግሊዝኛ መናገር

ሊዮን ተወልደሽ አድገሽ ለሥራ ደብሊን የገባሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ቤት ውስጥ አማርኛ ብትሰሚም የሚቀናሽ ፈረንሳይኛ ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው አልቸገረሽም፤ ሪፖርትም ትጽፊያለሽ። ስብሰባ ላይ አፍሽን ስትከፍቺ ግን «ይቅርታ፣ ምን አልሽ?» ይሉሻል። በእንግሊዝኛ «th» ተብላ የምትጻፈዋን ድምፅ ለማውጣት ምላስሽን በጥርስሽ መሃል እያወጣሽ ስትለማመጂ ከረምሽ፤ ለውጥ የለም። «አክሰንት እናጠፋለን» የሚል ውድ ኮርስም አይተሻል።

እኔ ፓሪስ ውስጥ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከሞላ ጎደል ፈረንሳዮች ናቸው፤ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ። ብዙዎቹ እንዳንቺ በዚያችው በምላስና በጥርስ ድምፅ ተጨንቀው ይመጣሉ። እሷን ለጊዜው ተያት። «አስባለሁ» ለማለት «አይ ሲንክ» ብትዪ ሰሚሽ ከዐረፍተ ነገሩ ይገባዋል። የኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በ«ት» ነው የሚሏት። አንቺ ያለሽበት አገር ራሱ ብዙ አይሪሾች ወደ «ት» ያስጠጓታል። ማን ምን ይልሻል?

ሰው እንዳይረዳሽ የሚያደርገው ምቱ ነው። ፈረንሳይኛ ክፍለ ቃሎቹን እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል ያስኬዳቸዋል፤ ጫን የሚለው ሐረጉ ሲያልቅ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ረዘም ካለ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍል ጎላና ረዘም ያደርገዋል፣ የቀሩትን ዋጥ ያደርጋቸዋል። ሰሚው ቃሉን የሚይዘው በጎላው ክፍል ነው። ያንን ቦታ ከሳትሽው እያንዳንዱን ፊደል አጥርተሽ ብትናገሪም ግራ ይገባዋል።

ፎቶን ውሰጂ። ሥዕሉ «ፎተግራፍ» ነው፤ ጫን የሚባለው «ፎ» ላይ። አንሺው «ፈቶግረፈር» ይሆንና ጫናው ወደ «ቶ» ይሄዳል። ቅጽሉ «ፎተግራፊክ» ሲሆን ደግሞ «ግራ» ላይ ይወርዳል። ጫናው በሄደ ቁጥር ሌሎቹ ክፍሎች ሲደበዝዙ ታያለሽ። ፈረንሳዮቹ ተማሪዎቼ ሦስቱንም «ፎ-ቶ-ግራ» ብለው እኩል ይጀምሯቸዋል።

የሚገርመው፣ የሚያደናቅፉሽ የማታውቂያቸው ቃላት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ የምትጠቀሚባቸውን ግማሾቹን ከልጅነትሽ ታውቂያቸዋለሽ። ዓይንሽ ሲያያቸው አፍሽ በፈረንሳይኛ ይላቸዋል። «ፕሮጀክት»፣ «ኮሊግ»፣ «ማነጀር»፣ «ካተጎሪ» ሁሉም መጀመሪያቸው ላይ ጫን ይባላሉ። «ዲቬለፕመንት» እና «አናለሲስ» ሁለተኛው ክፍል ላይ። ከራስሽ ኢሜይሎች ውስጥ እንዲህ ያሉትን ቃላት ልቀሚ። ካምብሪጅ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በድምፅ ያሰማሻል። በድምፅ አጻጻፉ ውስጥ ከላይ ያለችው ትንሽ ቋሚ ጭረት ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ጫን በዪ ማለቷ ነው።

አሁን ፈረንሳዮቹ የሥራ ባልደረቦችሽ የሌላቸው፣ አንቺ ግን ከእናትሽ ያገኘሽው ነገር አለ። እንግሊዝኛ ጫን ያልተባለውን አናባቢ ሲያደበዝዘው የሚወጣው ድምፅ ከእኛ «ኧ» ጋር በጣም ይቀራረባል። ከላይ «ፈቶግረፈር» ብዬ በ«ፈ» እና በ«ረ» የጻፍኩት ለዚያ ነው። ትንንሾቹን ቃላትም እንደዚያ አደብዝዢያቸው። አንድ ስኒ ሻይ «ኧ ካፕ ኧ ቲ» ነው። ጎልተው የሚሰሙት ስኒውና ሻዩ ብቻ ናቸው።

ሌላው ስጦታሽ «ህ» ነው። ፈረንሳይኛ ይህ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ የተራበ ፈረንሳዊ «ሀንግሪ»ን «አንግሪ» ያደርግና «ተናድጃለሁ» ብሎ ቁጭ ይላል። አንዳንዱ ሲጠነቀቅ ጭራሽ በሌለበት ይጨምርና «ኤት»ን «ሄት» አድርጎ፣ «በላሁት» ለማለት «እጠላዋለሁ» ይላል። ተማሪዎቼን መነጽር ለመወልወል እንደሚተነፍሱ አድርገው እንዲተነፍሱ እነግራቸዋለሁ። አንቺ «ሆድ» እና «ሀገር» የምትይ ሰው ነሽ፤ ይህ ልምምድ አያስፈልግሽም። እንግሊዝኛ ስታወሪ እንዳትረሺው ብቻ።

አጭሩና ረጅሙ «ኢ» ላይ ግን ጊዜ ውሰጂ። ለፈረንሳይኛ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔ በፊደላችን ነው የምለያቸው፤ በጉ «ሺፕ»፣ መርከቡ «ሽፕ»። መሄድ «ሊቭ»፣ መኖር «ልቭ»። ሳድሱ ቁርጥ እንግሊዝኛው አይደለም፤ ግን ከፈረንሳይኛው «ኢ» ይልቅ ይቀርበዋል። ባሕር ዳርቻና አንሶላ ሲያጥሩ ምን ዓይነት ስድብ እንደሚሆኑ የደብሊን ጓደኛሽ ትንገርሽ፣ እኔ እዚህ አልጽፈውም።

ኃላፊ ጊዜ ላይም ፈረንሳዮች አንድ ክፍለ ቃል ይጨምራሉ። «ወርኪድ» አይባልም፤ «ወርክት»፣ «አስክት»፣ «ስቶፕት» ነው። «ኢድ» የምትሰማው ግሡ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ነው፤ «ዋንቲድ»፣ «ኒዲድ»። «ር»ን ከጉሮሮ አታውጪው። ከንፈርሽን ለ«ው» እንደምታሾዪ አድርገሽ ምላስሽን ምንም ሳይነካ ወደኋላ ሳቢው። እምቢ ካለሽ የአማርኛውን ተጠቀሚ፣ ይገባቸዋል። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ የቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ር» ይሰማል፤ እንደ ለንደኖቹ አትዋጪው።

ልምምዱን እንዲህ አድርጊ። አንድ ድምፅ ምረጪ። ደብሊን ስላለሽ የአርቲኢ (የአየርላንድ ብሔራዊ ጣቢያ) ሬዲዮ አቅራቢ ጥሩ ነው። ከንግግሩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቁረጪ። መጀመሪያ ጽሑፍ አትዪ፤ ጽሑፍ ካየሽ ፈረንሳይኛው ይመለሳል። እያዳመጥሽ ጎላ ባለው ቦታ ሁሉ ጠረጴዛ ምቺ። ቀጥሎ ቃል ሳታወጪ፣ በማንጎራጎር ብቻ ዜማውን ተከተዪ። ሰው ቤት ካለ ያፍራል፣ በር ዝጊ። ከዚያ በኋላ ነው ቃላቱን እኩል ከእሱ ጋር የምትዪው። በስልክሽ ቅጂና ሁለቱን አከታትለሽ ስሚ። የራስን ድምፅ መስማት ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን ይህን የዘለለ ተማሪ ሲሻሻል ብዙም አላየሁም። በየቀኑ ትንሽ ይሻላል፤ ቅዳሜ ላይ ሦስት ሰዓት መታገል ድካም ብቻ ነው።

ፈረንሳይ ያደገ ሰው የአሜሪካን ፊልም በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ድምፅ ተተክቶ ነው ያየው። ስለዚህ ጆሮሽም ዕዳ አለበት። ከዛሬ ጀምሮ ድምፁን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሪው፤ የግርጌ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ይሁን።

ፈረንሳዊነትሽ እንዲሰማ ግን አትፍሪ። አርሰን ቬንገር እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2018 አርሰናልን ሲያሰለጥን የፈረንሳይ ቃናው አልለቀቀውም። እኛ አገር ስንቱ ደጋፊ ነው እሱን እያዳመጠ እንግሊዝኛ የሰማው! ቃለ መጠይቁን ክፈቺና ድምፆቹን ትተሽ የት እንደሚያቆም፣ የትኛውን ቃል እንደሚያጎላ አዳምጪ።

ኮርሱን በተመለከተ፣ አክሰንት እናጠፋለን የሚል ሰው ገንዘብሽን ባይወስድ ደስ ይለኛል። መክፈል ከፈለግሽ አንድ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ጠይቂ። በዚያ ሰዓት ከአስተማሪው ይልቅ አንቺ ብዙ ካወራሽ፣ እሱም እያስቆመ ጫናሽን ካረመ ክፈዪው። ስለ ምላስና ጥርስ ሥዕል እያሳየ ካስረዳሽ አመስግነሽ ውጪ።