ጥያቄና መልስ፦ ሠርጋችን በሌላ ስቴት ነው፤ የጋብቻ ፈቃዱን ከየት እናውጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እኔና እጮኛዬ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሥርዓተ ተክሊላችን ግን ዳላስ፣ ቤተሰቦቼ በሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው አንድ እሑድ እንዲፈጸም ተወስኗል። የንስሐ አባታችንም አብረውን ይመጣሉ። ስለ ማሪጅ ላይሰንሱ ስንጠይቅ ግን ሦስት ሰው ሦስት ነገር ነገረን። አንድ ጓደኛችን «ከምትኖሩበት ስቴት አውጡና ይዛችሁ ሂዱ» አለን። እጮኛዬ «እዚሁ ፍርድ ቤት ቀደም ብለን እንፈራረምና እንገላገል፤ ወረቀት እኮ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ «ተክሊል ከፈጸማችሁ ወረቀቱ ምን ያደርግላችኋል? በኋላ ይደረስበታል» ትለኛለች። ማንን ልስማ? ቀድመን ብንፈራረምስ ኃጢአት ይሆንብናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ስለ ንስሐ፣ ስለ ቁርባን ዝግጅት፣ ስለ አጽዋማት ምንም አልነግርሽም። የሠርግሽን ቀን ስታነሺ ይህን ሁሉ እንደምታውቂ ገብቶኛል።

መጀመሪያ ጓደኛችሁን ላርመው። አሜሪካ ውስጥ የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው ሠርጉ ከሚፈጸምበት ስቴት ነው። እናንተ የትም ኑሩ፣ ጥያቄው «ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው የት ነው?» የሚል ነው። ቨርጂኒያ የሰጠችው ፈቃድ ቨርጂኒያ ውስጥ ብቻ ይሠራል። ዳላስ ቀርቶ ፖቶማክን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ብታገቡ እንኳ አይሠራም። ስለዚህ የእናንተ ፈቃድ ከቴክሳስ ይወጣል። ከየትኛውም ካውንቲ ክለርክ ቢሮ ልታወጡት ትችላላችሁ፤ በመላው ስቴት ይሠራል። ነዋሪ መሆን አይጠበቅባችሁም። ለንስሐ አባታችሁም አትጨነቂ። ቨርጂኒያ አንድ ካህን ከማጋባቱ በፊት በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ ትጠይቃለች። ቴክሳስ ይህን ምዝገባ አትጠይቅም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልባትን ነገር ስሚኝ። ቴክሳስ ፈቃዱን ከሰጠች በኋላ 72 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው የሚቆጠረው። «ሐሙስ ብንደርስ ለእሑድ ይበቃናል» ትይ ይሆናል። ሐሙስ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ወረቀቱ ቢሰጥሽ፣ እሑድ የሚለቀቅልሽ በ5 ሰዓት ነው። የእኛ ተክሊል ደግሞ ከቅዳሴው ጋር ነው። ያን ጊዜ ሠራዊተ መላእክቱም ሕዝቡም ተሰናብቷል! ቢያንስ ረቡዕ ጠዋት ቢሮው ደጃፍ ተገኙ። ከዚያ የተሻለውን ልንገርሽ? ፈቃዱ ለ90 ቀን ያህል ስለሚቆይ፣ ለፋሲካ ቤተሰብ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነ ያኔ አውጡት።

ይህን የምልሽ በዓይኔ ያየሁት ስላለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ እንዳስተምር ተጠርቼ ሄድኩ። ሙሽራው ከሱፉ የውስጥ ኪስ አንድ ኤንቨሎፕ አውጥቶ ለካህኑ ሰጠ። አባታችን መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይሄ እኮ የዚህ ስቴት አይደለም» አሉት። የሙሽራዋ አባት ስንት ደጅ ጠንተው ቪዛ አግኝተው ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። አዳራሹ ተከፍሎበታል። ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው፤ ቢከፈትም የሚጠበቅ ቀን አለ። ካህኑ በፍጹም አይሆንም አሉ፤ ልክ ነበሩ። ተክሊሉ ለሌላ እሑድ ተላለፈ። ድግሱ ግን በዚያው ቀን ተበላ፤ ክትፎ አይጠብቅም። ሙሽሪት ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ገና ሳታገባ፣ ለእንግዶቿ ስትስቅ የዋለችበት ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ፎርሙ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። በተክሊሉ ጸሎት የምትጠሪው በክርስትና ስምሽ ነው። ፎርሙ ላይ የምትጽፊው ግን በመታወቂያሽ ያለውን፣ ፊደል በፊደል። «ወለተ» ብላ ጀምራ ክለርኳን ግራ ያጋባች እኅት አለችን። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ በእኛ አቆጣጠርና በነሱ መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ኢሚግሬሽን ፋይልሽ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ነገ መዘዝ ነው።

ወረቀቱን በዚህ ልተወው። ወደ ልብሽ ጥያቄ እንሂድ።

እጮኛሽና እናትሽ የሚቃረኑ ይመስላሉ። እሱ «አስቀድመን እንፈራረም» ይላል፤ እሷ «በኋላ ይደረስበታል» ትላለች። ልብ ብለሽ ካየሽው ግን ሁለቱም የያዙት አንድ ሐሳብ ነው፦ «ወረቀት ብቻ ነው»። ይህችን ቃል ባስተማርኩባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ለሁሉም ታገለግላለች። ቀድሞ መፈረም ለሚፈልግ ምክንያት ትሆናለች። ጨርሶ መፈረም ለማይፈልግም ምክንያት ትሆናለች።

ከእናትሽ ልጀምር፤ ክብሯን ጠብቀሽ ንገሪያት። እሷ ያደገችበት አገር ሕግ ሌላ ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸም፣ በባህል የሚፈጸም። በቤተ ክርስቲያን ያገባች ሴት በሕግም ሚስት ናት። ያው ሕግ እንኳ ግን ጋብቻው በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም ይመዝገብ ይላል። እዚህ አሜሪካ ፈቃዱ ይቀድማል፤ ካህኑ ያንን ፈቃድ ይዞ ያጋባል፤ ፈርሞም ይመልሳል። «በኋላ» የሚባል ነገር የለውም። ደግሞስ አያቶቻችን ወረቀት ንቀው ያውቃሉ እንዴ? «የሰማንያ ሚስቴ» ሲል እኮ አገሬው የሚመካው በውል፣ በምስክር፣ በፊርማ ነው። ትዳር ፈረሰ ለማለትም «ሰማንያዋን ቀደደች» ይባላል።

አንዲት እኅት አውቃለሁ። ስምንት ዓመት በትዳር ኖራለች። ሥርዓተ ተክሊል ተፈጽሞላታል፣ ሁለት ልጆች አሏት። ፈቃድ ግን አላወጡም፤ «ይደረስበታል» ተብሎ ቀረ። ባሏ በድንገት ታሞ አረፈ። ከዚያ በሄደችበት ቢሮ ሁሉ «ምኑ ነሽ?» ነው ጥያቄው። «ሚስቱ ነኝ» አለች። «ማስረጃ?» አሏት። የሠርግ አልበሟን አውጥታ አሳየች። አልበሙን አዩላት፤ «ያምራል» አሏት፤ መለሱላት። ካባ ለብሳ፣ አክሊል ደፍታ የምትታይበት ፎቶ ለልጆቿ አንድ ዶላር አላመጣም። በእግዚአብሔር ፊት ሚስት ነበረች፤ ይህን ማንም አይነጥቃትም። ግን የባሏ ቸልተኝነት መበለትነቷ ላይ ሌላ መከራ ጨመረባት። «መንፈሳዊ ነኝ» ብሎ ሚስቱን ያለ ማስረጃ የሚተው ሰው መንፈሳዊነቱን እጠራጠራለሁ። ከእናትሽ ጋር ስታወሪ ይህችን እኅት ጥቀሽላት።

ወደ እጮኛሽ ልመለስ። ቀድሞ መፈረም በራሱ ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ፈረንሳይ ያሉ ወገኖቻችንን ተመልከቺ። እዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ፊርማ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እንዲቀድም ሕጉ ያስገድዳል። ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ማንም በደለኛ አይላቸውም። የእኔ ጭንቀት ፊርማው አይደለም፤ ከፊርማው ማግስት የሚመጣው ነው። ይህንንም ብዙ አይቻለሁ። ሁለቱ ለኢንሹራንስ ብለው፣ ለኪራይ ብለው፣ ለቀጠሮ ብለው ይፈራረማሉ። «እስከ ተክሊሉ ለየብቻ ነን» ይላሉ፤ ከልባቸው ነው። ሁለት ወር አለፈ። የቤት ኪራዩ የሁለት ቤት ነው። «ሕጉ እኮ ባልና ሚስት ብሎናል» የምትል ሐሳብ ትመጣለች። ከዚያ ወደ ንስሐ አባት የሚሄዱት አንገታቸውን ደፍተው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ራሳቸውን ጠብቀው የኖሩለት አክሊል በመጨረሻው ወር ከእጃቸው ያመልጣል። አየሽ፣ ፊርማውን «ወረቀት ብቻ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው፣ ሲፈተን «ወረቀቱ ጋብቻ ነው» ይላል። አንዷን ወረቀት እንዳስፈለገው ያገላብጣታል።

«የቄሣርን ለቄሣር» የሚል ጥቅስ የሚያመጣብኝም አይጠፋም። ጌታችን ግን ዲናሩን ያሳየው ግብር ክፈሉ ለማለት ነው፤ ቄሣር ፊት የሚነገር ቃል እግዚአብሔር አይሰማውም አላለም። ክለርኳ ፊት እጅሽን አንሥተሽ «የተናገርኩት እውነት ነው» ስትይ የሚሰማሽ ማን ነው? እዚህ ላይ ጠንከር ልበል፤ ለአንቺ ብቻም አይደለም፣ ለሚያነቡት ሁሉ ነው። በእኛ ሰው አፍ «ወረቀት» ማለት ሌላም ነገር ነው። መኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ተብሎ ከአንድ ሰው ጋር የተፈራረመ፣ ያንንም ሳያፈርስ «አግብቼ አላውቅም» ብሎ ፎርም የሚሞላ አለ። ያ ሰው ለመንግሥት ዋሽቷል፤ ለእጮኛው ዋሽቷል፤ ወደ ቅዱስ ቁርባንም በዚያው ውሸት ሊቀርብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሁሉ አዳራሽ ከመያዙ በፊት ለንስሐ አባቱ ይንገር፣ በሕግ አዋቂም ይታገዝ። መዘግየቱ ያሳፍራል፤ ከሐሰት ይሻላል።

አሁን ደስ ወደሚለው ልውሰድሽ። መጽሐፈ ጦቢትን ታውቂዋለሽ፤ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ስንቴ ሰምተሽዋል። እኔ ግን በአንቺ ጥያቄ ምክንያት እንደገና አነበብኩት። ጦብያ የሚኖረው ነነዌ ነው። ያገባው ግን ሜዶን አገር፣ የሣራ ቤተሰብ ቤት ነው። እንደ እናንተ፣ ሠርጉ ከመኖሪያው ውጭ! በዚያ ላይ መንገዱን የሚመራው የመላእክት አለቃ ነው። ምልክቱ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ የሣራ አባት ራጉኤል ምን አደረገ? ምዕራፍ ሰባት መጨረሻው ላይ ነው። የልጁን እጅ ይዞ ለጦብያ ሰጠ። ባረካቸው። ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ ወረቀት አመጣ፤ የጋብቻውን ውል ጻፈ፤ ታተመበት። ማዕድ የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ሊቀ መላእክቱ ምስክር ሆኖ ቆሞ ሳለ እንኳ ወረቀቱ አልቀረም!

ራጉኤል ግን ለምን ጻፈ? የሣራ ሰባት ባሎች በየሠርጉ ሌሊት ሞተዋል። የሰፈሩ ሰው ምን ሲላት እንደኖረ አስቢው። አባቷ «ይህች ልጅ የማንም መዘባበቻ አይደለችም፤ ሚስት ናት» ብሎ ጻፈላት። እኔ እንዲህ ነው የሚገባኝ። ደግሞ ተመልከቺ፣ ውሉ ታትሟል ተብሎ ሙሽራው ወደ ጫጉላው አልተጣደፈም። ከሣራ ጋር ለብቻቸው ሲሆኑ መጀመሪያ «እኅቴ ሆይ፣ ተነሺ፣ እንጸልይ» ነው ያላት። ሁለቱም ቆመው ጸለዩ። ያ ጸሎት ባይኖር ማኅተሙ ከሌሊቱ ሞት አያድነውም ነበር።

ስለዚህ ለእጮኛሽ እንዲህ በይው፦ ቨርጂኒያ ላይ መፈረም አያስፈልገንም፤ የቴክሳሱ ፈቃድ አለልን፤ ካህናችን በተክሊላችን ዕለት ይፈርሙበታል። አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ኪዳን፣ ሁለት መዝገብ። ምናልባት ሥራው ወይም ጉዳዩ አስገድዶት ቀድማችሁ ከፈረማችሁም አልቆጣም። ግን ያን ዕለት ማታ እያንዳንዳችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ። ለንስሐ አባታችሁ በዚያው ሳምንት ንገሩ። ለዳላሱ ቤተ ክርስቲያንም ሰርተፊኬቱን አስቀድማችሁ ላኩ፤ በሕግ ተጋብታችሁ ሌላ ፈቃድ ልታወጡ ወረፋ እንዳትይዙ።

የቀረው ትንሽ ነው። ካህኑ ከፈረሙ በኋላ ፈቃዱ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ክለርኩ መመለስ አለበት። አባታችሁ በማግስቱ ወደ ቨርጂኒያ ይበራሉ፤ ኤንቨሎፑ በቀሚሳቸው ኪስ አብሮ እንዳይበር። ቴምብር የተለጠፈበት፣ አድራሻ የተጻፈበት አዘጋጂና ለአንድ ኃላፊነት ለሚሰማው ሚዜ አደራ ስጪ፤ ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ያድርሰው። ሰርተፊኬቱን ስታዝዢ ሁለት ሦስት ቅጂ ውሰጂ። አንዱን ለእናትሽ ስጫት፤ ፎቶው አጠገብ ትሰቅለዋለች።