አራት በር ያለው ቤት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የደን ባለሙያ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ክረምት ተከልን፤ አልያዘም። ሪፖርቱን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። አስቤ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። እስካሁን አልደወልኩም። ሌሎቻችሁም የምትጠይቁት ነገር ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው።

በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. 13ኛው የዓለም የደን ጉባኤ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ላይ ነበር። እኔም ዕድሉ ደርሶኝ ሄድኩ። ከጉባኤው የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅና ብዙ ቡና። ሲያልቅ አንድ የአገሩ ሰው «ዛፍ የምትወድ ከሆነ ቪላ ጌሴልን ሳታይ እንዳትመለስ» አለኝ። አትላንቲክ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

የደረስኩት የመዝናኛው ወቅት ሳይጀምር ነው። እዚያ ጥቅምት ገና ፀደይ ነው። ሱቆቹ ዝግ ናቸው፣ ባሕሩ ይጮኻል፣ ብርዱ ጃኬት ያሰኛል። እግሬን ያዞረው ግን መንገዱ ነበር። በድሮው ሰፈር መንገዶቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ የድሮውን የአሸዋ ጉብታ እየተከተሉ ይጠማዘዛሉ። ከላይ ጥድ፣ ከእግር በታች ቅጠልና አሸዋ። ሆቴሉም ቤቱም ጫካው ውስጥ ነው። ከተማው ውስጥ ዛፍ ተተከለ እንዳትሉ፤ ዛፉ ነው የቀደመው።

በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያ ነፋስ ከሚነዳው አሸዋ በቀር ምንም አልነበረም። ካርሎስ ጌሴል የሚባል ሰው 1,648 ሄክታር ገዛ። ቤተሰቡ የሕፃናት ዕቃ ይሠራና ይሸጥ ስለነበር ያሰበው ለእንጨት የሚሆን ጥድ ማብቀል ነው። ጥዱ ሞተ። ደግሞ ተከለ፤ አሸዋው ቀበረው። ባለሙያ ቀጥሮም ሞከረ። ሰው «የአሸዋው እብድ» ይለው ነበር።

የመጀመሪያ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። አራት በር አለው፤ በየአቅጣጫው አንድ አንድ። ሌሊት ነፋሱ አሸዋ ቆልሎ አንዱን በር ቢዘጋው በሌላው ለመውጣት ነው። አሁን ዙሪያው ጥላ ነው፤ አሸዋ የሚያመጣበት የለም። እኔ ግን በአንዱ በር ገብቼ በሌላው ወጣሁ። ደግሜ ገባሁ። የሙዚየሙ ሰው ሳያየኝ አልቀረም።

በመጨረሻ የያዘለት ጥዱ አይደለም። በመጀመሪያ አሸዋውን የሚይዝ ነገር መጣ፤ ዋናው ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው፤ እኛ ሳሊግና የምንለው ዘመዱ። አሸዋው ሲረጋ ጥዱ ተከተለ። በ1940 እ.ኤ.አ. አንድ ቤት ሠርቶ ለእንግዳ ማከራየት ጀመረ፤ የመዝናኛ ከተማው የመጣው ከዚያ ነው።

ይህን ስሰማ ሆዴን አመመኝ።

በ1979 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በስምጥ ሸለቆ አንድ አሸዋማ ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ አስተክል ነበር። የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከቱቦ የወጣ ችግኝ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። ሥሩ በአሸዋ ተፍቆ ነጭ ክር መስሏል። «ልጄ፣ ይኼ መሬት ገና እየሄደ ነው። መጀመሪያ ሣር ይያዘው፣ ቁጥቋጦ ይያዘው። ከዚያ ያንተን ዛፍ አምጣ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ደብተሬ ላይ የርቀትና የጉድጓድ ልክ ተጽፎልኛል። «እሺ አባባ» ብዬ አለፍኩ።

ሁለተኛውም ክረምት አልያዘም። ሪፖርቴ ላይ «ቦታው ለደን ልማት አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር ናት። ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀችም። ጣቢያው ተዘጋ፣ የቀን ሠራተኛውም ሁሉ ተበተነ። ሽማግሌው መጨረሻ ያሉኝ «ወረቀቱ ያንተ ነው?» ብቻ ነው። «ከላይ ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ።

እንግዲህ ቪላ ጌሴል ድረስ ሄጄ የተማርኩት ዘበኛው በነፃ የነገሩኝን ነው።

ስለ ችግኝ አተካከል አልነግራችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች የሚያናድዱኝ ግን አንድ ጠዋት ተክላችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ፣ በማግስቱ ቦታውን መርሳታችሁ ነው። (የምወቅሳችሁ እኔ መሆኔ ያስቃል። በስልካችሁ እያንዳንዱን ጉድጓድ ስትመዘግቡ ሳይ ደግሞ እቀናለሁ።)

ጽናት ብቻ ነው እንዳትሉኝም። ጌሴል ገንዘብ ነበረው፤ የሚያዝዘው አለቃ አልነበረውም፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አይጠየቅም። የእሱ ሥራም ቢሆን ሁሉ ነገሩ የተባረከ አይደለም። አሸዋው ታስሮ ላዩ ላይ ሲገነባበት የባሕሩ ዳርቻ የሚመገበው አሸዋ አነሰበት፤ ዛሬ ዳርቻው መሸርሸሩ ያሳስባቸዋል። ያ ግራርም ሳይፈቀድለት የሚስፋፋ ዛፍ ነው። አዊ ዞን ያላችሁ ዲከረንስ የሚባለውን ሌላ የአውስትራሊያ ግራር ስለምታውቁ አላስረዳም።

አንቺ የደወልሽልኝ ልጅ፣ ሪፖርቱን ገና እንዳትልኪ። «አይሆንም» ከማለትሽ በፊት ምን ቀድሞ መተከል እንደነበረበት ጻፊ። ካላወቅሽም የሞከርሽውን ብቻ ጻፊ፤ ቦታውን አትፍረጂበት። እኔ በአንቺ ዕድሜ ይህን ብባል እሰማ ነበር? አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ስልኩን ዘጋሁ። ጣቢያችሁን ሌሊት የሚጠብቀው ማነው? ነገ ጠዋት ሻይ ይዘሽለት ሂጂና ስለዚያ መሬት ጠይቂው። ያለሽን እንዳለ ጽፈሽ ላኪልኝ።