ሞዴል መኪናህን ዛሬውኑ አታጣብቅ

«1/24 የታሚያ ሞዴል መኪና ገዛሁ፤ ሳጥኑን እንደከፈትኩ ላጣብቅ?» ላልከው፣ ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! (ታሚያ የጃፓን ሞዴል አምራች ነው፤ 1/24 ማለት ርዝመቷ ከእውነተኛዋ መኪና 24 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው።) እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ገዝተን ሳንገጣጥም መደርደሪያ ላይ ነው የምንደረድረው።

መጀመሪያ ክፍሎቹን ከመመሪያው ጋር አመሳክር። ከዚያ ከያዛቸው የፕላስቲክ ፍሬም ሳትነቅል ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠባቸው። ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት አለ። እሱ ሳይታጠብ ከቀረ ቀለም አይይዝም። እኔ ይህን ንቄ የመጀመሪያዋ መኪናዬ ጣሪያ እንደ ሽንኩርት ተላጠ።

በእጅህ ጠምዝዘህ አትንቀል፣ በመቁረጫ ቁረጥ። ሙጫ ሳትነካ አካሉን ከሻሲው (ከመኪናዋ የታችኛው መሠረት) ጋር ገጥመህ ሞክር። ክሮም የተቀቡትን ክፍሎች ደግሞ ሙጫ የሚያርፍበትን ቦታ ፋቀው፣ አለዚያ በደንብ አይጣበቁም። ስቲከሮቹን ከፀሐይ አርቃቸው።

ለመሆኑ የትኛዋን መኪና ነው የገዛኸው?